ዕቃው ታጥቦ ነበር

ዛሬ የድሮ ተማሪዎቼን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ የሦስቱ መብራት ጠባቂዎች ታሪክ ትዝ ይላችኋል? ወንበሩ ተገልብጦ፣ ምግቡ ሳይነካ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ስል ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። ያ ነገር ፈጠራ ነው። እኔም ሳላጣራ ነው ያወራሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ፍላናን የሚባሉ ሰው የማይኖርባቸው ትናንሽ ደሴቶች አሉ። መርከቦች በጨለማ ከአለቱ ጋር እንዳይጋጩ ባንደኛው ላይ የመብራት ማማ ተሠርቶ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1899 በራ። ዓመት አለፍ ብሎ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1900፣ ተተኪ ጠባቂ የያዘችው ሄስፐረስ የተባለች መርከብ ስትደርስ ወጥቶ የሚቀበላት ሰው ጠፋ። ጄምስ ዱካት፣ ቶማስ ማርሻል፣ ዶናልድ ማክአርተር፤ ሦስቱም የሉም። ሬሳቸውም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቀድሞ የገባው ጆሴፍ ሙር ያየውን ጽፎ አስቀምጧል። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው፤ የማዕድ ቤቱ ዕቃ ግን ታጥቦ ንጹሕ ነው። መብራቱም ተወልውሎ ለማታ ተዘጋጅቷል። ሰዎቹ በልተው፣ ዕቃ አጥበው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ነው የወጡት ማለት ነው።

ታዲያ ወንበሩና ምግቡ ከየት መጡ? ዊልፍሪድ ጊብሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1912 ካሳተመው ግጥም! ጠባቂዎቹ ሲያለቅሱና ሲጸልዩ ነበር የሚለው «የዕለት መዝገብ»ም በኋላ የተፈበረከ ነው።

ነገሩን የመረመረው አለቃቸው ሮበርት ሙርሄድ በምዕራቡ መውረጃ ከባሕሩ 30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የነበረው የገመድ ሣጥን ተሰባብሮ፣ የብረት አጥሩ ተጣሞ አገኘ። ዲሴምበር 15 ከሰዓት በኋላ ገመዱን ለማትረፍ ወርደው ድንገተኛ ማዕበል ወስዷቸዋል ብሎ ደመደመ። የማክአርተር የዝናብ ካፖርት ግን ቤት ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ብርድ ምን አስሮጠው? ይሄ እስከ ዛሬ መልስ የለውም።

እንዲህ ያለ ማማ ለምስጢር ታሪክ የተመቸ ነው። ዙሪያው ውሃ፣ ሰዎቹ ጥቂት። ገዳይ ካለ ከመካከላቸው ነው፤ ከውጭ መጣ ካልን ደግሞ ወይ ባሕሩ ነው ወይ መንፈስ። ከሩቅ ሁሉም መብራታቸውን ያያል፣ እነሱን ግን ማንም አያያቸውም። ልብ ወለዱና ፊልሙ ከመቶ ዓመት በኋላም ያልተቋረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ሙርሄድ ግን ሰዎቹን በደንብ ያውቃቸው ነበር። ዲሴምበር 7 ጎብኝቷቸው ሲለያዩ በመጨረሻ የጨበጣቸው ሰው እሱ መሆኑን እዚያው ሪፖርቱ ላይ በሐዘን ጽፏል።

የተገለበጠው ወንበር ሦስቱን በድንጋጤ የሸሹ ሰዎች አደረጋቸው። የታጠበው ዕቃ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሥራቸው ላይ እንደነበሩ ይመሰክራል። ዛሬ እናንተም መምህር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ታሪኩን ንገሩ፣ ክፍሉም ጸጥ ይበል። ስትነግሩ ግን ዕቃው ታጥቦ ነበር በሉልኝ።