ሐኪሙ ቢጠይቀንስ?

እኛ ሳሪስ አቦ ያደግን ልጆች ስለ ሕክምና ቀድመን ያወቅነው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ያዛል፣ በሽተኛ ይውጣል። ከጤና ጣቢያ የተመለሰን ሰው «ምን አሉህ?» ብትሉት «መድኃኒት ጻፉልኝ» ይላችኋል። የበሽታውን ስም ጠይቁት። «እሱን እንኳ አልነገሩኝም!»

የሰፈራችን አንድ አባወራ ሰገራው ላይ ደም እያየ፣ «ኪንታሮት ነው» እየተባለ፣ ቅባት እየያዘ ሲመለስ ከዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጉበቱ ደርሶ። ውጤቱም የተነገረው ለእርሱ አይደለም፤ ለበኩር ልጁ ነው። ከቀበርነው በኋላ አንድ ነገር ከነከነን፦ ይህ ሰው ስለ ገዛ ሆዱ አንድም ቀን ተጠይቆ ያውቃል?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

ከዓድዋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛ አከሙ። ጥይት የመታው ሰው ምርጫ አይጠየቅም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተና የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ጠላቱ ወባና ፈንጣጣ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ተመዘገበ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ፦ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ልጅ አስከትቡ፣ አጎበር ስቀሉ።

ትእዛዙ ሠርቷል። ይህን መካድ ነውር ነው። የአንጀት ካንሰር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እባጭ ተነሥቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ቅድመ ምርመራ ማለት ምንም ያላመመውን ሰው መመርመር ነው። ያላመመውን ሰው ደግሞ በትእዛዝ አታመጡትም።

መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ቤት ውስጥ ትንሽ ሰገራ ወስዶ ለዓይን የማይታይ ደም ማስፈተሽ አለ። ኮሎኖስኮፒም አለ፤ አንጀት በመድኃኒት ታጥቦ ካሜራ ይገባል፣ ፖሊፕ ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል፣ ንጹሕ ከሆነ ለ10 ዓመት ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት 1,000 ገደማ ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ኮሎኖስኮፒ ብቻ ከተመከሩት 38 በመቶ፣ የሰገራ ምርመራ ብቻ ከተመከሩት 67 በመቶ፣ ምርጫ ከተሰጣቸው 69 በመቶ ተመረመሩ።

«ኮሎኖስኮፒ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የምን ምርጫ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። አገር አቀፍ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የለንም፤ ሰገራው ላይ ደም የተገኘበት ሰውም መጨረሻው ኮሎኖስኮፒ ነው። ይህን አስቀድሞ መንገር ግን ራሱ የምርጫው አካል ነው። እንደ ጎረቤታችን ደም እያየ የመጣ ሰው ደግሞ ቅድመ ምርመራ አልፎታል፤ እርሱ በቀጥታ ወደ ኮሎኖስኮፒ መላክ አለበት።

በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ማስተማር ጀመረ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። የቤተሰብ ሐኪም አባትን፣ እናትን፣ ልጅን ለዓመታት የሚያውቅ ሐኪም ነው። እንግዲህ መጠየቅን መማር ያለበት እርሱ ነው፦ «ውጤቱን ለማን ልንገር? ለአንተ ወይስ ለልጅህ?»፣ «ሁለት መንገድ አለ፣ የትኛው ይመችሃል?»፣ «የነገርኩህን እስቲ በራስህ አፍ መልሰህ ንገረኝ»። «ይቅርብኝ» ለሚለውም ሳይቆጣ በሩን ክፍት መተው።

ይህ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ሥልጠና ይጠይቃል፣ አምስት ደቂቃም ይጠይቃል። ሳሪስ አቦ ላይ ሐኪሙን «ምን አሉህ?» ብለን የምንጠይቀው ሰው አንድ ቀን «ምን ትላለህ አሉኝ» ብሎ ቢመልስልን፣ እኛ ታሪክ ተቀየረ እንላለን።