የጠመንጃ ግራና ቀኝ

ዲመካ የሐመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ቱርሚ የሚወርደው መንገድ ያገኛታል። ቅዳሜ ዕለት ገበያዋ ሲቆም ሐመሮችና በናዎች ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል ይዘው ይሰበሰቡባታል። በዚህ አገር ከብቱን ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚወርድ ጎልማሳ ከእጁ የማይለያቸው ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ ቦርኮቶ የሚባለው መቀመጫና መንተራሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠመንጃ ነው።

ሁለቱ ዕቃዎች አብረው ይያዙ እንጂ አመጣጣቸው የተለያየ ነው። ቦርኮቶው ከእንጨት የሚጠረብ ነው፤ ጠራቢው ተቀምጦበትና ተንተርሶበት እየሞከረ ለአካሉ እንዲስማማ አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል። ጠመንጃው ግን በሌላ አገር፣ ለሌላ ሠራዊት፣ በማያውቀው ሰው ክንድና ትከሻ ልክ ተሠርቶ የመጣ ነው። እንግዲህ ክንደ አጭርና ሰውነተ ቀጭን የሆነ፣ በዚያም ላይ ግራኝ የሆነ ሰው ይህን መሣሪያ ሲያነሣ ምን ይገጥመዋል? ከአሥር ሰዎች አንዱ ገደማ ግራኝ መሆኑ ሲታሰብ ጥያቄው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። መሐንዲስንም የሚመለከት ነው፤ ማንኛውም መሣሪያ ሲነደፍ ለማን እጅ እንደሚሠራ አስቀድሞ ተወስኗልና።

ጎን የሌላቸው መሣሪያዎች

በኛ ቋንቋ ቀኝ የማዕረግና የመልካም ዕድል፣ ግራ ደግሞ የችግር ምልክት ሆነው ኖረዋል። ነገሩ የተወሳሰበበት ሰው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ቀኑ ያልሰመረለት ደግሞ «በግራ ጎኔ ተነሣሁ» ይላል። በጥንቱ የጦር ሥርዓትም ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች በማዕረግ ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ የጥንቱ መሣሪያ ራሱ ይህን አድልዎ አያውቀውም ነበር። ጦር ጎን የለውም፤ ዱላም እንዲሁ ነው። ጋሻውም ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። ግራኝ ተዋጊ ልማድ ቢከለክለው እንጂ መሣሪያው አይከለክለውም ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪክ በግራኝነቱ ስም የወጣለት ታላቅ የጦር መሪ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። የዘመኑም ነገር የሚያስገርም ነው፤ ጠመንጃ በኢትዮጵያ የጦር ሜዳ ላይ ወሳኝነቱ ጎልቶ የታየው በእርሱ ጊዜ ነበርና። ኢማሙ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞችን አስመጣ። በሌላው ወገን በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች በ1533 ዓ.ም. ምፅዋ ደረሱ። ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ወደቀ።

በዚያ ዘመን የነበረው በክር የሚለኮስ ነፍጥ የባሩድ ማቀጣጠያው በቀኝ ጎኑ ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሰደፉን በቀኝ ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ፊቱ ከመሣሪያው በስተግራ ስለሚሆን፣ የሚፈነጥቀው እሳት ከፊቱ ይርቃል። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ግን ፊቱ በቀኝ በኩል ይውላል፤ እሳቱም ከጉንጩ አጠገብ ይፈነዳል። እንዲህ ጠመንጃ ግራና ቀኝን በአሠራሩ የለየ መሣሪያ ሆኖ ገባ።

ከውጅግራ እስከ ቤልጅግ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ጠመንጃዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ሠራዊቶች አዲስ ሲታጠቁ ያስወገዷቸው ነበሩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የያዘችውን ግራ የተባለ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1886 በለበን ስትተካው አሮጌው በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ጎረፈ። ባለአገሩም የፈረንሳይኛውን ስም በራሱ አንደበት አዙሮ «ውጅግራ» አለው። የጠመንጃው ስም ከግራ እጅ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም ማቀባበያ እጀታው በቀኝ በኩል ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ስለሆነ ቀኝ እጅ ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ አጉርሶ ይዘጋዋል። ግራኙ ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወይ ግራ እጁን በመሣሪያው ላይ አሻግሮ እጀታውን መያዝ፣ ወይም ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በቀኝ እጁ መክፈት ነበረበት። በጦርነትም ሆነ አውሬ ሲመጣ ይህች ጊዜ ዋጋ ታስከፍላለች።

ከዚያው ዘመን መሣሪያዎች መካከል ግን ለግራኝ የሚመች አንድ አለ። ኢጣልያ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በተዋዋለችው መሠረት ልትሰጥ ቃል የገባችው 5,000 ጠመንጃ ረሚንግተን ነበር። የረሚንግተን መዝጊያና መዶሻ ከመሣሪያው መካከለኛ መስመር ላይ ሆነው ወደ ኋላ የሚታጠፉ ስለሆኑ በቀኝም በግራም አውራ ጣት እኩል ይከፈታሉ። ከሥሩ ባለው ዘንግ የሚከፈተው የእንግሊዙ ማርቲኒም እንደዚሁ ነው። ነዳፊዎቹ ጥንካሬንና ቀላልነትን ሲፈልጉ ሚዛናዊ የሆነ አሠራር አገኙ፤ ግራኙም ሳይታሰብለት ተጠቀመ።

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሩዶልፍ፣ ማለትም እስከ ቱርካና ሐይቅ ከዘለቀ ወዲህ በኦሞ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው አገር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተቀላቀለ። በዝሆን ጥርስና በከብት ንግድም ጠመንጃ ወደ አርብቶ አደሩ እጅ ይገባ ጀመር። ከዚያ በኋላ የመጡት ምንሽር፣ የኢጣልያ ካርካኖ፣ እንዲሁም መንግሥት ከቤልጅግ አገር ኤርስታል ከተማ ካለው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ያስመጣው ማውዘር ሁሉም እጀታቸው በቀኝ ነው። በከብት ጠመንጃ የለወጠ ሰው የመምረጥ ዕድል አልነበረውም፤ ያገኘውን ይዞ ሰውነቱን ለመሣሪያው ያስማማ ነበር።

የትከሻና የክንድ ሒሳብ

ስለ ግራኝነት ይህን ያህል ካልን፣ ስለ ትንሽ ሰውነት ደግሞ በቁጥር መናገር ይቻላል። ውጅግራ ርዝመቱ 130.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም ነው። ርዝመቱ የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት ያህላል። 25 ግራም የሚመዝነውን እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ሲያስወነጭፍ፣ የባሩዱን ጢስ ሳንቆጥር፣ ጠመንጃው በሴኮንድ 2.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም 15 ጁል ያህል ነው።

በዚሁ ስሌት ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚረጨውን የአደን ጠመንጃ ብንመረምር ትንሽ ሰውነት ያለው ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበትን ነገር እናገኛለን። 12 ቁጥር የሚባለው 32 ግራም ፍሬ በሴኮንድ 400 ሜትር ሲተኩስ፣ የጠመንጃው ክብደት 3.2 ኪሎ ግራም ቢሆን ምቱ 26 ጁል ገደማ ይሆናል። ገዢው «ለኔ ቀላሉ ይሻለኛል» ብሎ 2.6 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን 12 ቁጥር ቢመርጥ ምቱ ወደ 31 ጁል ከፍ ይላል። ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር አብዝቶ ይመታልና። ትክክለኛው መፍትሔ ጥይቱንም አብሮ መቀነስ ነው፤ 24 ግራም የሚተኩስ 2.7 ኪሎ ግራም የሆነ 20 ቁጥር ምቱ 17 ጁል ብቻ ነው።

ከክብደት ቀጥሎ የሚታየው የሰደፍ ርዝመት ነው። ለአማካይ ጎልማሳ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 35 እስከ 37 ሳንቲ ሜትር ይደረጋል። ክንዱ ላጠረ ሰው ይህ ሲረዝምበት ሰደፉ ብብቱ ሥር ይያዛል፤ ወይም ከትከሻው ወጥቶ ክንዱ ላይ ያርፋል። እንጨቱን ጥቂት ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ለአናጢ ቀላል ሥራ ቢሆንም የተኳሹን ዕድል ይለውጣል። ለግራኝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ጥሩ የአደን ጠመንጃ ሰደፉ ለቀኝ ተኳሽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ታጥፎ ስለሚሠራ፣ በግራ ትከሻ ሲያዝ ጉንጭን ይገፋል፤ ዐይንንም ከማነጣጠሪያው መስመር ያወጣል። ስለዚህ ለግራኝ የሚስማማው ወገቡ ላይ ተሰብሮ የሚከፈት፣ መጠበቂያው በጀርባው መካከል ያለ፣ ሰደፉ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ግራ የታጠፈ ባለ ጥንድ አፈሙዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በፈረንሳዊው ለፎሾ የተጀመረው ይህ ተሰብሮ የሚከፈት አሠራር እስከ ዛሬ ለሁለቱም እጅ ከሁሉ የተሻለው ነው።

የሽጉጥ ነገር

ሽጉጥ በአንድ እጅ የሚያዝ ስለሆነ የእጅ ልክና ጎን ይበልጥ ይሰማበታል። ሰባት ጥይት የሚይዘውን የብራውኒንግን ኮልት የአሜሪካ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1911 ሲቀበል ቃታው ጣታቸው አጭር ለሆነ ወታደሮች የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቃታው እንዲያጥር፣ ከበስተኋላው ያለው ብረትም በሁለቱ ጎን እንዲፋቅ ተደረገ። መጠበቂያው ግን በቀኝ አውራ ጣት እንዲነካ በግራ ጎኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ትልቅ ሠራዊት እንኳ የእጅን ትንሽነት ሲያስተካክል ግራኝነትን ዘነጋ።

በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን በስፋት የታወቀው ማካሮቭ ደግሞ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ክብደቱ 730 ግራም፣ ካዝናው ስምንት ጥይት የሚይዝ ነው። መጠበቂያው እንደ ኮልቱ በግራ ጎን ስለሆነ ግራኙ በሌላ ጣት ወይም በሌላ እጅ ሊነካው ይገደዳል። የካዝናው መልቀቂያ ግን ከእጀታው ግርጌ ላይ ስለሆነ ለሁለቱም እጅ እኩል ይደርሳል። ተሽከርካሪ የጥይት ጎተራ ያለው ሽጉጥም አተኳኮሱ ሚዛናዊ ቢሆንም፣ በዘመናዊዎቹ ላይ ጎተራው ወደ ግራ ስለሚወጣ ማጉረሱ ለቀኝ እጅ የተሰላ ነው። ግራኝ ገዢ የሚተኩስበትን ብቻ ሳይሆን የሚያጎርስበትንና የሚቆልፍበትንም እንቅስቃሴ ባዶውን መሣሪያ ይዞ አስቀድሞ ሊፈትን ይገባል።

ለሁሉም የሚስማማ መሣሪያ

ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የሶቪየት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ሲገባ፣ ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትም በድንበር ሲሾልክ፣ ካላሽንኮቭ ወደ ኦሞ ሸለቆ ደረሰ። በ1979 ዓ.ም. ኛንጋቶሞች በዚህ መሣሪያ በሙርሲዎች ላይ ባደረሱት ጥቃት ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ የሙርሲዎቹ ጠመንጃ አሮጌ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ ካላሽንኮቭ በየገበያው ረከሰ።

ይህ መሣሪያ ከአካል ልክ አንጻር ሲታይ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነው። የተሻሻለው ዓይነት ርዝመቱ 88 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 3.1 ኪሎ ግራም፣ ሰደፉም አጭር ነው። ከላይ በተሠራው ስሌት ምቱ 5 ጁል ገደማ፣ ማለትም የውጅግራ ሲሶ ነው። ማቀባበያውና መጠበቂያው በቀኝ ጎን ቢሆኑም፣ ግራኙ ግራ እጁን ከእጀታው ሳያነሣ በቀኝ እጁ ሊሠራባቸው ይችላል፤ ቀለሁም ወደ ቀኝና ወደ ፊት ይወረወራል። ለትንሽ ሰውነትም ለግራኝም የሚሆን መሣሪያ፣ ሳይታሰብ፣ ተገኘ።

ነገር ግን ይህ ምቾት የራሱ ዕዳ አለው። ውጅግራ ከልጅ አቅም በላይ ነበር፤ ርዝመቱና ምቱ ማንም ሳያውጅ ዕድሜን ይወስኑ ነበር። ካላሽንኮቭ ግን ገና ከብት የሚያግድ ልጅም ያነሣዋል። መሣሪያው ለማንኛውም ሰውነት ሲስማማ፣ «ማን ይያዘው?» የሚለውን ጥያቄ ብረቱ ራሱ መመለሱን ይተዋል። መልሱ ከአገር ሽማግሌዎችና ከሕግ ብቻ ይጠበቃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን የግድ ያደረገው ይህን ኃላፊነት ለመሸከም ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ድርብ ነው። አንደኛው፣ የመሣሪያ ልክ በዕድል ሊተው አይገባውም። ለፓርክ ጠባቂ ወይም ለሴት ፖሊስ ጠመንጃና ሽጉጥ የሚያስመጣ መሥሪያ ቤት የክንድን ርዝመት፣ የእጅን ስፋትና የሚያነጣጥረውን ዐይን በግዥ ሰነዱ ውስጥ ማስገባት አለበት። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ቤልጅጉን የሸጠው ያው የኤርስታል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ፒ 90 ቀለሁን ወደ ታች ስለሚጥል ግራና ቀኝ የለውም። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት በጋፋት ስም የተሰየመ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ባለበት አገር ይህ የባዕድ ነዳፊዎች ጉዳይ ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ሁለተኛው፣ መሣሪያን ለሁሉም እጅ ማስማማትና መሣሪያን ለሁሉም እጅ መስጠት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ግን መሐንዲሱ ከማኅበረሰቡ ተለይቶ ሊወስነው አይችልም። ጠመንጃ ነዳፊው የሚያስበው ለአንድ ትከሻ ቢሆንም፣ መሣሪያው ከዚያ ትከሻ ወርዶ ወደ ልጁና ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ የሚያዝበት ሰው አካል ከሆነ፣ ሁለተኛው መለኪያ የሚተላለፍበት መንደር ሰላም ሊሆን ይገባል።