የሕፃናት ውሎና የቄስ ትምህርት ቤት

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ደብራችን ሕንጻና ስለ አገልጋዮቿ ድካም የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ ግን ሰው ታሪክ ነው ብሎ ብዙ ስላልቈጠረው ስለ አንድ ነገር ልጽፍ ወደድሁ። ይኸውም አባትና እናት ለሥራ በወጡ ጊዜ ልጃቸው የት ይውል ነበር የሚለው ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ጦርነቱንና ሹመቱን ጽፈዋል፤ ስለ ቄስ ትምህርት ቤት የጻፉትም ፊደሉ እንዴት እንደ ተቈጠረ፥ ዳዊቱ እንዴት እንደ ተደገመ ይነግሩናል። ልጁ ፊደል በሚቈጥርበት በዚያው ሰዓት የእናቱ እጅ ለወፍጮና ለገበያ ነጻ እንደ ወጣ ግን እምብዛም አይናገሩም።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። በግእዝ ሐፀነ ማለት አቀፈ፥ ተንከባክቦ አሳደገ ማለት ነው፤ ሕፅን እቅፍ ነው፤ ሐፃኒት ሞግዚት ናት። ሕፃንም ከዚሁ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፥ ዕድሜው ያነሰ ማለት ብቻ አይደለም፤ የሚያቅፈውና የሚይዘው የሚያስፈልገው ማለት ነው። እንደዚሁም መዋዕል የሚለው ቃል ዋለ ከማለት የመጣ ነውና፥ መዋዕለ ሕፃናት ብለን የምንጠራው ቤት በስሙ ውስጥ ውሎን ይዟል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ሰሌዳ ይታያል። ማቆያ ለዕቃ የተባለ ስለሚመስል ጆሮዬ አይቀበለውም፤ መዋያ ቢባል በተሻለ ነበር።

የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ለእናንተ አዲስ አይደለም። ልጅ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ወላጁ እጁን ይዞ ወደ የኔታ ያመጣዋል። ልጁም ስንደዶ ይዞ ፊደሉን እየነካ ሀ ሁ ይላል፤ ከዚያ አቡጊዳ፥ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፥ ቀጥሎ ወንጌለ ዮሐንስ፥ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊት ይማራል፤ ንባቡም ግእዝ፥ ውርድ ንባብ፥ ቁም ንባብ እየተባለ በየደረጃው ይሄዳል። ቀኛዝማች ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደሉን ገበታ በማተሚያ ቤት እያተሙ ካሠራጩ ወዲህ በሩቅ አገር ያለ ልጅ ሁሉ ያንኑ ገበታ ይዞ ተቀመጠ።

ነገር ግን ሰዓቱን ተመልከቱ። ልጁ ጠዋት ኪዳን ከደረሰ በኋላ ይገባል፤ በምሳ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከምሳ በኋላ ተመልሶ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቈያል። የመንግሥት ትምህርት ቤት በየከተማው በተከፈተ ጊዜም ይህ ሥርዓት ወዲያው አልጠፋም። ብዙ ልጆች ማልደው ከትምህርት በፊት፥ ደግሞም ከትምህርት መልስ፥ በክረምትም ወራት ሙሉውን ቀን የኔታ ዘንድ ይውሉ ነበር። ትልቁ ትንሹን ስለሚያስጠና አንድ መምህር ብዙ ልጆችን ለመያዝ ይችላል። እናት ከገበያ ብትዘገይ ልጇ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር እንዳለ ታውቃለች። እንግዲህ የቄስ ትምህርት ቤት ማስተማሪያም መዋያም ነበረ፤ ዛሬ ሠራተኛ ወላጆች በገንዘብ የሚፈልጉትን ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጅ የመያዝ አገልግሎት ያለ ስም ይፈጽም ነበር።

ይህን ስል ሁሉ ማር ነበረ ማለቴ አይደለም። አለንጋው ብዙ ልጅ አሸሽቷል። ሴቶች ልጆች ጥቂቶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ እናቷ በሌለችበት ሰዓት የምትውለው ታናሽ ወንድሟን አዝላ በቤት ውስጥ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ በብዙ ቤት አልቀረም። ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤትን ከቆሎ ተማሪ ኑሮ ጋር ማደባለቅ አይገባም። እኛ ቅኔ የተማርን ሰዎች ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ውሻ እየጮኸብን ከእናታችን ርቀን የተማርን ነን። የፊደል ልጅ ግን ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የእርሱ ትምህርት ቤት ከእናቱ የሚለየው በሥራዋ ሰዓት ልክ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ጅግጅጋ እንምጣ። ጅግጅጋ ከሐረር በስተ ምሥራቅ፥ ከካራማራ ተራራ ማዶ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የነጋዴና የወታደር ከተማ ናት። በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገዢዋ በነበሩበት ዘመን በፕላን እንዳስቀየሷት ይታወቃል። ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ የሚሄደው መንገድ በርሷ ያልፋል። ከደጋ ወደዚህች ከተማ የመጣ ሰው ወታደር፥ የጉምሩክ ሹም፥ አስተማሪ፥ ሾፌር ወይም ባለሱቅ ሆኖ የመጣ ነው እንጂ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጋር የመጣ አይደለም። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። በጎጃም ወይም በሸዋ ገጠር እናት እርሻ ብትወርድ ልጁን አያቱ ትይዘዋለች፤ አያት ብትሞት አክስት አለች። በጅግጅጋ ግን ዘመድ ርቆ ቀርቷል። በሽንሌ፥ በአዲጋላ፥ በአይሻና በደወሌ በባቡሩ መሥመር ላይ የሰፈሩትም እንደዚሁ ነበሩ፤ ባል ከባቡሩ ጋር ይሄዳል፤ ሚስት ለተሳፋሪ ሻይና እንጀራ ትሸጣለች። ለእነዚህ ቤተ ሰቦች የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የጸሎት ቦታ ብቻ ሳይሆን የአያት ቤት ምትክ ነበረ።

ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም በዚህ ነገር ከእኛ አይለዩም። የእነርሱ ልጅ ወደ ዱግሲ ይሄዳል፤ መምህሩን ማዐሊም ይሉታል፤ ልጁም ከእንጨት በተጠረበ ሎሕ ላይ ቁርኣኑን እየጻፈ ያጠናል፤ ሲያበቃም አጥቦ እንደ ገና ይጽፋል። ወተት ሻጭዋ ማለዳ ወደ ገበያ ስትወርድ፥ ነጋዴውም ወደ ቶጎ ጫሌ ሲሄድ ልጁ በዱግሲ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ እነርሱ ዱግሲውን በትምህርት ቤቱ ጫፍና ጫፍ አኑረው ሰዓቱን ያዙት፤ እኛ ግን የየኔታን ሰዓት ቀስ በቀስ ለቀቅነው። ይህን የምጽፈው ለቅንዓት አይደለም፤ በየጎዳናው ጠዋት ሎሕ ይዞ የሚሄደውን ልጅ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና ነው።

ይህ የሰዓት ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በቮዥ ተራራ ኦበርሊን የተባለ የሰበካ አገልጋይ ነበረ፤ እርሱም ከፕሮቴስታንቶች ወገን ነው። በ1767 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወደ ደሀ ሰበካ ተሹሞ ሄዶ፥ ወላጆች እርሻ ሲውሉ ሕፃናቱ ያለ ጠባቂ መቅረታቸውን አየ። ስለዚህ ሴቶችን ሰብስቦ ሕፃናቱን ሹራብ መሥራትና መዝሙር እያስተማሩ እንዲይዙ አደረገ። በ1816 በስኮትላንድ በኒው ላናርክ ሮበርት ኦወን የተባለ ባለፋብሪካ ለፈታዮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1844 በፓሪስ ማርቦ የተባለ ሰው ለሠራተኛ እናቶች ክሬሽ የተባለውን የጡት ልጆች መዋያ አቆመ። እንግዲህ ከሦስቱ ፊተኛው ሰበካውን ዞሮ ያየ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ይህን ለካህናት ማስታወስ መልካም ይመስለኛል። በአገራችንም ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት መጀመሪያ የተከፈተው በአዲስ አበባ አይደለም፤ በጎረቤታችን በድሬዳዋ፥ ለምድር ባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነው። እነዚያም እንደኛ ከአያቶቻቸው ርቀው ለሥራ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

የኔታ የያዘው ሰዓት እንዴት ተለቀቀ? አንደኛው ምክንያት እንጀራ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ ከርስቱ ይመገብ የነበረው መምህርም አብሮ ተጐዳ። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ በምእመናን አስተዋፅኦ ካህናቱን ለመመገብ ቢበቃም፥ ለፊደል መምህር የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። ሁለተኛው ጦርነት ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን ያዘ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እስክትመለስ ድረስ የከተማው ሕዝብ ተበተነ፤ የተበተነ ሰው ደግሞ ልጁን አጠገቡ ይይዛል እንጂ ለመምህር አይሰጥም። ሦስተኛው የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው። በደርግ ዘመን እነዚህ ቤቶች በየከተማው በዙ፤ ለብዙ እናቶችም ጠቀሙ፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የግል መዋዕለ ሕፃናት ተተኩ፤ እነርሱም መክፈል ለሚችል ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የሕፃናትን አስተዳደግ የሚመለከት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዜሮ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈተ።

ሕጉንም ብንመለከት በጎ ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናታቸውን የሚንከባከቡበት ቦታ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጠ። እንግዲህ ስሌቱን ሥሩ። የጡት ልጅ መዋያ ተፈለገለት፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ዜሮ ክፍል ተከፈተለት። የሰባት፥ የዘጠኝ፥ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን የተማሪ ስም ስላለው እንደ ተያዘ ይቈጠራል። ክፍል በሚያንስበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ልጅ በፈረቃ ይማራልና፥ ይህ ልጅ ከቀኑ ግማሹን ብቻ ተማሪ ነው፤ በቀረው ግማሽ የጎዳና ነው ወይም የተዘጋ በር ጠባቂ ነው። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሻይ የምትሸጥ እናት ሌሊት 11 ሰዓት ትወጣለች፤ ልጇ ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ሦስት ሰዓት ብቻውን ነው። እነዚያን ሦስት ሰዓቶች አዋጅ አልደረሰባቸውም፤ ድሮ የኔታ ደርሶባቸው ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁና አልዘረዝርም። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ሞቱ፤ ቤታቸው የተዘረፈባቸው ብዙ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠለሉ። በዚያ ወራት ቅጥሩ መዋያም ማደሪያም ሆነ። ለእኔ ከዚያ መከራ ውስጥ የሚታየኝ አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሰው በጨነቀው ቀን ልጁን ወዴት ይዞ እንደሚሮጥ ማንም አላስተማረውም፤ እግሩ ራሱ ያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። ልጁን ያለ ጠባቂ ከቤት የሚተው ወላጅ በሩን ከውጭ ቈልፎ መሄድ ጀመረ፤ ልጅ የተቈለፈበት ቤት ደግሞ እሳት ቢነሣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መናገር አያሻም።

አንዳንድ አባቶች የሰንበት ትምህርት ቤት አለን፥ ይበቃል ይላሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራ ያለው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ሌሎችም ልጆች በቅጥሩ ሲሮጡ ጸሎት ያውካሉ ይላሉ። እኔ ቅኔ ስቈጥር ካደግሁበት ደብር የፊደል ልጆች ጩኸት ተለይቶ አያውቅም፤ መርጌታውም በዚያ ጩኸት መካከል ዜማቸውን ያዜሙ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ ነገር ነው። ድሮ የኔታ በወር በጥቂት ሳንቲም፥ በበዓል በእንጀራ፥ ልጅ ዳዊት በደገመ ጊዜም ወላጅ በሚያመጣው ስጦታ ይኖሩ ነበር። ዛሬ በጅግጅጋ ያለ ዲያቆን የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፥ ደግሞም ከሰዓት በኋላ እስከ 12 ሰዓት ልጆች የሚይዝ ሰው ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ሴቶች ልጆችም እንዲመጡ ከተፈለገ አንዲት ሴት አብራው መኖር አለባት፤ ለእርሷም ደመወዝ ያስፈልጋል። በብዙ አጥቢያ የሒሳብ መዝገብ አይቻለሁ፤ ለመብራት ረድፍ አለው፥ ለጥበቃ ረድፍ አለው፥ ለዕጣንና ለጧፍ ረድፍ አለው፤ የፊደል መምህር ግን የሚገኘው «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ውስጥ ነው።