ከእንጦጦ ማርያም እስከ «ሸሞንሟናዬ»፦ ብቻውን ባንድ የሆነ ሰው

የእንጦጦ ማርያምን ማህሌት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ አንድ የንግሥ ሌሊት ጋቢያችሁን ደርባችሁ ውጡ። እዚያ ቅኔ ማህሌቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት አፈጣጠር ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። አንዱ ዜማው ነው። በድጓው ፊደል አናት ላይ በምልክት ታስሮ የተቀመጠ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ የተከፈለ፣ ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ የሚያጠናው። እንደፈለጉ አይነኩትም። ሌላው ቅኔው ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል አዲስ አድርጎ ይቀኛል፤ የአምናውን ቢደግም ያፍራል። እሱም ቢሆን ልቅ አይደለም፤ ቤት መምታት አለበት፣ ልክ አለው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላወራችሁ ነው። (አትሳቁ!)

ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር የማትቀር አንዲት ክስ አለች፦ «ኪቦርድ መጣና ባንድን ገደለው»። ክሷ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለችም። የስምንት ሰው ደሞዝ መክፈል የከበደው የምሽት ክበብ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ አቁሞ ቢገላገል ምን ይገርማል? ግን ደግሞ ክሷን የምታስጨንቅ አንዲት ካሴት አለች። የዛሬው ወሬዬ ስለ እሷ ነው። (ከአንዷ በቀር ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ከእንጦጦ እንውረድ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. (ይቺ በእኛ ናት) ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ያኔ ግን ከተማዋ ልቧን ወደ ታች፣ ወደ ፍል ውሃው አድርጋ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ1969፣ በዚያው በፍል ውሃ ሰፈር ሂልተን ሆቴል ተከፈተ። መዋኛው ሳይቀር የሚሞቀው በዚያው ፍል ውሃ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ የሆቴሉን ምሽቶች ያሞቅ የነበረው ዋልያስ ባንድ ነበር፤ ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ኃይሉ መርጊያ።

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ መጣ። አኮርዲዮን የተማረው ለብቻው ነው። ሂልተን ውስጥ የባንዱ ሥራ በእራት ሰዓት ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ የሚያስጨፍር ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሲጠብቅ ደግሞ የምሽት ታዳሚ አንዴ ከገባ እስኪነጋ መውጫ የለውም፤ ባንድም እንደዚያው። አስቡት እንግዲህ፦ ያው ዜማ፣ ያው መድረክ፣ ረጅም ሌሊት። ዜማውን ካላዟዟርከው፣ ካልቆራረጥከውና ካልቀጠልከው አንተም እንቅልፍ ይወስድሃል። ከዚህ የተሻለ የፈጠራ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል? በ1977 የወጣው «ቸ በለው» የተሰኘው የዋልያስ አልበም የዚያ ሌሊት ልጅ ነው። ያለ ግጥም የሚጫወት ባንድ ከሳንሱር መቀስም ትንሽ እፎይ ይላል።

በ1981 ዋልያስ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተማረ። በ1985 አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገባና ሁሉንም መሣሪያ ራሱ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ድራም ማሽን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ፣ ገና ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው ያማሃ ዲኤክስ7፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጅነት አኮርዲዮኑ። ኦርጋን ከነገሠ ወዲህ አኮርዲዮን የአባቶች ዕቃ ሆኖ ነበር። ኃይሉ ከአዲሱ ሲንተሳይዘር ጎን መልሶ አስቀመጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሂልተን ውስጥ ኃይሉ ከዜማው ወጣ ቢል ከበሮ መቺው ይከተለዋል። ቢስት ቤዙ ይሸፍንለታል። ድራም ማሽን ግን አይከተልም፣ አይሸፍንም፣ ትከሻውንም አይሰብቅም። በላዩ ላይ አንድ ድምፅ ስትቀዳ፣ ቅድም በነፃነት የተጫወትከው ነገር ቴፑ ላይ ታትሞ ይጠብቅሃል። ሁለተኛው ድምፅ ለእሱ መገዛት አለበት፣ ሦስተኛው ለሁለቱም። ቅድም ቅኔ የነበረው አሁን ምልክት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ከመቅዳትህ በፊት ታስባለህ፦ የት ልግባ? የት ዝም ልበል? ማንን ላስቀድም?

ካሴቷን ስትሰሟት ይህ ይሰማችኋል። ድራም ማሽኑ እንደ ሰዓት ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይመለሳል። አንዱ መሣሪያ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ዋልያስ ተበትኖ ነበር፤ የመደማመጥ ልማዱ ግን በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እንደምገምተው ከሆነ ያቺን ካሴት ያዳናት ይኸው ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። በዳለስ አየር ማረፊያ ደንበኛ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ያቺን ካሴት ባህር ዳር አገኛትና በ2013 እንደገና አሳተማት። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አልበም አወጣ። በዚህኛው ግን ከበሮና ቤዝ የሚጫወቱለት ሰዎች ነበሩት።

ከእሱ በኋላ የመጡት ወጣቶች ደግሞ መንገዱን ከሌላው ጫፍ ጀመሩት። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። ሚካኤል በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የማሲንቆውን፣ የክራሩን፣ የአዝማሪውን ድምፅ ላፕቶፕ ውስጥ አስገብተው ይቆርጣሉ፣ ይደራርባሉ፣ ያስቀምጣሉ። አዝማሪ ማለት ፊትህን አይቶ የሚገጥም ሰው ነው። የእሱን የቅጽበት ድምፅ ወስዶ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እንግዲህ ወደ ክሳችን እንመለስ። ኪቦርዱ ባንድ ገድሏል? አራት ምት ቀድቶ፣ እሱኑ አምስት ደቂቃ አሽከርክሮ ለሚሸጥ ሰው አዎ፣ ገድሏል። ግን ዛሬ ጉለሌ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ እስከ ሌሊት የሚደራርብ ልጅ ካለ፣ «ይሄ ሙዚቃ አይደለም» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቀው፦ ሁለተኛውን ድምፅ ስትቀዳ የመጀመሪያውን ሰምተኸዋል? ከሰማው ባንድ አለው። ብቻውን ቢሆንም።

ቸር እንሰንብት!