የሰንጠረዥ ሕግና የድል ክብር

የጦርን ጨዋታ ከጦርነት የሚለየው ሕጉ ነው። ለዚህም ነገር መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምሥክር ይሆነናል። የሳኦል ቤት የጦር አለቃ አበኔርና የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ በገባዖን ኩሬ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳሉ፣ ከየወገናቸው ጐበዛዝት መርጠው በፊታቸው ያጫውቷቸው ዘንድ ተስማሙ። ከብንያም ወገን 12፣ ከዳዊት ወገን 12 ወጡ። ነገር ግን ጨዋታው ዳኛ አልነበረውም፤ ወሰኑም አልተነገረም። ስለዚህ ጐበዛዝቱ ራስ ለራስ ተያይዘው ሰይፍ ተማዘዙ፤ 24ቱም በአንድነት ወደቁ። ከዚያም ጨዋታ ጽኑ ውጊያ ተነሣ፤ የኢዮአብ ወንድም አሣሄልም በዚያው ቀን ሞተ። ሕግ የሌለው የጦር ጨዋታ ፍጻሜው ይህ ነው።

አባቶቻችን ይህን አውቀው የጦር ጨዋታን ሁሉ በሕግ አሰሩት። ፈረስ ጉግስ የሚጫወት ሰው በትር ይወረውራል እንጂ ጦር አይጨብጥም፤ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። በገና ዕለት ጌታውን በገና ዱላ የነካ አሽከር አይከሰስም። ከነዚህ ሁሉ ግን ሕጉ የረቀቀው፣ ድልንም ራሱን በክብር የሚመዝነው፣ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ዛሬ መጻፌ፣ የብቸናና የሞጣ ወጣቶች የፈረንጁን ቼዝ ሲጫወቱ የአገራቸው ሰንጠረዥ የራሱ ሕግና የራሱ ምሥጢር እንደ ነበረው ሳያውቁ እንዳይቀሩ ነው።

የሰንጠረዥ መነሻው ህንድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረብ አለፈ። ዐረቦች ሸጠረንጅ አሉት፤ የእኛም ሰንጠረዥ ከዚህ የመጣ ነው። የሠራዊቱ ስምም የመጣበትን መንገድ ይመሰክራል። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ ፈርዝ በፋርስ ቋንቋ የንጉሥ አማካሪ ነው፤ መደቅም ከዐረብኛው በይደቅ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው እግረኛ ነው። ንጉሡንና ፈረሱን ግን አባቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ጠሩአቸው። ጨዋታው በአገራችን የቈየ መሆኑም ይታወቃል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄንሪ ሳልት የተባለው እንግሊዛዊ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱ አይቷል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በዚህ ጨዋታ የበረቱ ነበሩ ይባላል።

የሰንጠረዥ ገበታ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ መስመር ተሰምሮበት 64 ቤት ይሆናል። ቤቶቹ እንደ ፈረንጁ ገበታ ጥቁርና ነጭ እየሆኑ አይፈራረቁም። ሠራዊቱም ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይቀረጻል። በየወገኑ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይቆማል። ንጉሥ በፈርዙ ቀኝ ስለሚቆም ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም፤ የአንዱ ንጉሥ የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው። ደር በቀጥታ እስከ ፈለገው ይሄዳልና ከሁሉ ይበረታል። ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ይዘላል። ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ብቻ ያርፋል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። መደቅም ወደ ፊት አንድ አንድ ቤት ይራመዳል። በአውሮጳ ፈርዙ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንግሥት ተብሎ ከሁሉ የበረታ ሆነ፤ የእኛው ግን ጥንት እንደ ነበረ ደካማ አማካሪ ሆኖ ቀረ። አማካሪው ከንጉሡ አጠገብ ቢቆምም ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ በሚቆምበት ስፍራ ነው።

የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል። በሌላው ዓለም ቼዝ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በእኛ ወረራ ግን ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ወደዱት ያህል፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፤ እንደ ገና ይሠራል። ይህም አዋጅ ከተነገረ በኋላ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ የሚሰለፉበትን የአገራችንን ሥርዓት ይመስላል። ወረራውም አንዱ ከባላጋራው ሠራዊት የመጀመሪያውን እስኪማርክ ድረስ ይቈያል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። እንግዲህ ከዚህ ሕግ ትምህርት እናገኛለን። ደም ሳይፈስ ያበላሹትን ማቅናት፣ ያሰለፉትን መመለስ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ በዋጋ ነው።

ጨዋታው በዝምታ አይደለም። ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ይመክራል፤ ያደንቃል፤ ይነቅፋል። ስለዚህ ያሸነፈ ሰው ማሸነፉ ብቻ አይበቃውም፤ እንዴት እንዳሸነፈ የሚፈርድ ሸንጎ በዙሪያው አለ። ይህን ደኅና አድርጎ የጻፈው ዋልተር ፕላውደን ነው። እርሱ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በጎንደር ዙሪያ በነበሩት መሳፍንት ዘንድ ብዙ ዓመት ተቀምጦ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ተገደለ፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1868 ዓ.ም. ታተመ። እንደ እርሱ አነጋገር ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መውጫ ማሳጣት ድል ቢሆንም ጥበብ የጐደለው ድል ነው። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል። በመደቆች ንጉሡን ከቦ የያዘ ግን እጅግ ይደነቃል። ኃይለኛው በኃይሉ ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? ደካማውን በጥበብ አቀናጅቶ ማሸነፍ ነው እንጂ የተጫዋቹን ክብር የሚገልጠው።

ከዚህም የሚበልጥ ሕግ አለ። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መያዝ አይፈቀድም። ከመኳንንቱ አንድ ብቻ የቀረለት እንደ ሆነ፣ ያ የቀረው አንዱ ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ንጉሡን መያዝ ይገባል፤ ሰባቱ ካለፈ ድሉ ይቀራል። ስለዚህ አሸናፊው ባላጋራውን ፈጽሞ እንዳያራቁተው ይጠነቀቃል፤ ስስታም ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ቢማርክ ድሉን ራሱ ያጣዋልና። ንጉሥ በሠራዊቱ ፊት፣ ገና መከላከል ሲችል ይሸነፋል እንጂ፣ ራቁቱን የቀረ አይዋረድም።

ለቅኔ ቤት ልጅ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ሞጣ ባለው አገር የቅኔ ጉባኤ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱ የደፋ፣ አገባቡ ያልተሳሳተ ቅኔ ቅኔ ነው፤ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ሰሙና ወርቁ ሳይስማማ፣ ምሥጢሩ ሳይራቀቅ፣ በቃል ብዛት ብቻ የሞላ እንደ ሆነ መምህሩ ዝም ይላል፤ ጉባኤውም አያደንቅም። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና በጥቂት ቃል ታላቁን ምሥጢር ይዛ ስትገኝ ግን ከስምንት ቤት መወድስ የበለጠ የምትደነቅበት ጊዜ አለ። ይህች በመደቅ ንጉሥን መያዝ ናት። የሌላውን ቅኔ ሰርቆ የነገረም በአፉ ቢያምር በልቡ ያፍራል። ስለዚህ የቅኔ ቤትና የሰንጠረዥ ገበታ አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ የሚፈቀደው ሁሉ አይመሰገንም።

ሌሎችም ሕዝቦች የጦርን ጨዋታ በየመልካቸው ሠርተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የጐበኟትና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው መጽሐፍ የጻፉላት ጃፓን፣ ሾጊ የሚባል የቼዝ ዘመድ አላት። በ17ኛው መቶ ዓመት ሳሙራይ የተባሉት ጦረኞች አገሪቱን ሲገዙ መንግሥታቸው ለሾጊ ሊቃውንት ቀለብ ይቈርጥ ነበር። በሾጊ የተማረከው አይሞትም፤ ለማረከው ጌታ አድሮ በገበታው ላይ ይመለሳል፤ በቀድሞ ጌታው ላይም ይዋጋል። የጀርመኖቹ የፕሩሲያ መኰንኖች ደግሞ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. በካርታ ላይ የሚጫወቱትን የጦር ጨዋታ ተቀበሉ፤ በዚያም ዳኛ ተቀምጦ የሁለቱን ወገን ትእዛዝ ይሰማል፤ ስንት ሰው እንደ ወደቀም በዛራ ይለካል። ከዚህ ዘር በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ሌላ ጨዋታ ወጣ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዱ የአንድ ጦረኛ ስምና ጠባይ ይይዛል፤ አንዱም ታሪኩን እየተረከ ይዳኛል፤ ጨዋታውም አንዳንድ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። ቈይቶም የሳሙራይን ኑሮ መስለው የሚጫወቱት መጣ፤ በእርሱም የጦረኛው ክብር በቍጥር ይጻፋል፤ ቃሉን ቢያጥፍ ይቀነስበታል፤ ቢጠብቅ ይጨመርለታል። እነርሱ ክብርን በቍጥር መዝገብ ያስገቡት፣ ሕግ የሌለው ድል ጣዕም እንደሌለው ስላወቁ ነው። የእኛ አባቶች ግን ያንኑ ክብር በሕጉ አጥረው፣ በተመልካቹም አፍ አኖሩት።

ይህ ሁሉ የጨዋታ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ገዛ ታሪካችን እንመለስ። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ ከዓባይ ማዶ ስላለው አገር ተጣልተው በእምባቦ ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ሠራዊቱ ያለቀበት ንጉሥ በአሸናፊው እጅ ወደቀ ማለት ነው። ምኒልክ ግን ቍስላቸውን አስጠገኑ፤ በክብርም ያዟቸው፤ ኋላም ዐፄ ዮሐንስ በነገሩ ገብተው ንጉሡ ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እኒያው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው በዓድዋ ከምኒልክ ጋር ተሰለፉ። በእምባቦ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መግደል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በዓድዋ የሚያስፈልገውን ወንድም መግደል ይሆን ነበር።

ሕጉ ያልተጠበቀበትም ጊዜ አለ። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጎጃም ላይ በዘመቱ ጊዜ ሠራዊቱ አገሩን አጠፋ፤ የነገሥታቱን ጠብ በእህሉና በከብቱ የከፈለው መደቁ፣ ገበሬው፣ ነው። ያም ድል ተብሎ ቢቈጠር ማንም ያደነቀው የለም። ነቢዩ ኤልሳዕ ወደ ሰማርያ ያገባቸውን የሶርያ ወታደሮች የእስራኤል ንጉሥ ልምታቸውን ባለ ጊዜ፣ አብልቶና አጠጥቶ እንዲሰዳቸው አዘዘው፤ አደጋ ጣዮችም ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል አገር አልመጡም። ከመምታት ይልቅ ማብላት አገሩን ጠበቀ።

ከካህናት ወገን፣ ጨዋታን ቀኖና ይከለክላል የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የሐዋርያት ቀኖና በቁማርና በስካር የጸና ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን እንዲተው፣ እንቢ ቢል ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። ነገር ግን ቀኖናው የሚከለክለው ሰው ገንዘቡንና ልቡን ለዕጣ የሚሰጥበትን ነው። በሰንጠረዥ ዛራ የለም፤ ዕጣ የለም፤ ያሸነፈም የተሸነፈም በገዛ ምክሩ ነው። ገንዘብ ቢያስይዙበት ቁማር ይሆናል፤ ሰዓተ ጸሎትን ቢያስረሳም ኃጢአት ነው። በልክ የተያዘ ግን ትዕግሥትን፣ ማስተዋልን፣ ከሁሉም በላይ በድል ጊዜ ራስን መግዛትን ያስተምራል።

ታዲያ ሰንጠረዥ ከአደባባይ ለምን ራቀ? በመሳፍንቱና በመኳንንቱ አዳራሽ ይኖር ስለ ነበረ ነው። የጠላት ወረራ በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ አዳራሹ ተበተነ፤ ኋላም የፈረንጁ ቼዝ ከትምህርት ቤቱ ጋር ገባ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ታሪኩንና ሕጉን ባይጽፉት ኖሮ ብዙው ተረስቶ ይቀር ነበር። በአንጻሩ በአዊ የአገው ፈረሰኞችን ማኅበር እንይ። በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በዓድዋ የተዋጉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ሲያከብር ኖሯል። ያ ጨዋታ በሕዝብ ማኅበር ስለ ታቀፈ ዘመን ተሻገረ፤ ሰንጠረዥ ግን በጌቶች ቤት ብቻ ስለ ነበረ ከጌቶቹ ጋር ወረደ።

አሁንም ቢሆን ጊዜው አላለፈም። የሚያስፈልገው አንድ ክንድ ጨርቅና 32 የእንጨት ቅርጽ ነው፤ የሚጠርብ እጅ በብቸናም በሞጣም አለ። የሚጐድለው ሕጉን የሚያውቅና የሚያስተምር ነው፤ ስለዚህም ከላይ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከማኅሌትና ከትምህርት በተረፋቸው ሰዓት ይሞክሩት፤ ሽማግሌዎችም ዙሪያውን ተቀምጠው እንደ ቀድሞው ይፍረዱ። በደር ያሸነፈውን ልጅ ዝም ይበሉት፤ በመደቅ ያሸነፈውን ይመርቁት፤ ራቁቱን የቀረውን ንጉሥ ሊይዝ የሚቸኵለውንም እጁን ይያዙት። በእንጨት ንጉሥ ላይ እጁን መመለስ የለመደ ልጅ፣ በሥጋ ለባሹ ወንድሙ ላይ እጁን ለመመለስ አይቸገርም። ልብ ያለው ልብ ይበል።