ጦቢያ በካርቲየ 6፤ ልብ ወለድ ጀግና ለሕይወት የምታስተምረው

በታሪክ ትምህርት የምንጠቅሳቸው ጀግኖች በእውነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በደራሲ ብዕር ብቻ የተፈጠሩ ጀግኖችም በወጣቶች ልቡና ላይ የሚያሳድሩት ኃይል ቀላል አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ አንዷን፣ ጦቢያን፣ ከነታሪኳ አስታውሶ ለክፍላችን ምን ልትጠቅም እንደምትችል ማመልከት ነው።

ነገሩን ያነሣሣኝ ዘመዶቼን ልጠይቅ ወደ ጅቡቲ ከተማ ሄጄ ካርቲየ 6 በተባለው ሰፈር የሰነበትኩበት ጊዜ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ በደብተሯ ሽፋን ላይ የወንደር ዉማንን ሥዕል ለጥፋለች። ይህች ባለታሪክ በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1941) በአሜሪካ ለንባብ የበቃች ስትሆን፣ ዊልያም ሞልተን ማርስተን የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር የፈጠራት ነች። ጥይት በአምባሯ ትመልሳለች፤ በገመዷ ያሰረችውን ሰው እውነቱን ታናግራለች። ልጅቱም፣ «ጋሼ፣ እኛስ እንዲህ ያለች ሴት በመጽሐፍ የለችንም?» ስትል ጠየቀችኝ።

አለችን። ወንደር ዉማን ከመፈጠሯ 33 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908)፣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሮም ላይ አሳተሙ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው መጽሐፍ ነው። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታትሟል። አፈወርቅ የዘጌ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ጣሊያን አገር የሥዕል ትምህርት ተከታትለዋል፤ በናፖሊም አማርኛ አስተምረዋል። ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት በድሬ ዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል። አንድ ነጋዴ ለቤተሰቡ አዝኖ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ይሰጣል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲሄድ በባርነት ይያዛል። በዚህ ጊዜ መንታ እኅቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ብዙ መከራም ይደርስባቸዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጦቢያ አትበርም፤ ጥይትም አትመልስም። ከቤት ያስወጣት ለወንድሟ ያላት ርኅራኄ ነው። ወንድሟን ያስወጣው የነጋዴው ውለታ ነው፤ ነጋዴውን ለውለታ ያነሣሣው ደግሞ ለማያውቀው ቤተሰብ ማዘኑ ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ድፍረት ከርኅራኄ ተለይቶ የቆመ አይደለም፤ ሥሩ ርኅራኄ ነው።

በእርግጥ መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ደራሲው የጦቢያን ቁንጅና አብዝተው ይናገራሉ፤ ሌላ እምነት ያላቸውን ሰዎች የሣሉበትም መንገድ ዛሬ በጥያቄ መታየት ይገባዋል። ደግሞም አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጎን ተሰልፈዋል፤ ከነፃነት በኋላም በጅማ በግዞት እንዳሉ አርፈዋል። ይህን ከተማሪዎች መሸሸግ አያስፈልግም። ደራሲው ያልኖሩበትን ድፍረት ባለታሪካቸው ልታስተምረን ትችላለች። እንዲያውም በብዕር መጻፍና በሕይወት መፈጸም የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ለእኅቴ ልጅ ታሪኩን በነገርኳት ሰሞን፣ ከወሎ ተነሥታ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ልትሻገር የነበረች አንዲት ልጅ ታማ ከመንገድ ተመለሰች። የሰፈሩ ኢትዮጵያውያት እናቶች አስጠጓት፤ ለመታከሚያም ገንዘብ አዋጡ። ነገር ግን ከሐኪም ጋር በፈረንሳይኛ የሚነጋገርላት ሰው ታጣ። በሰው ፊት መናገር የሚያስፈራት የእኅቴ ልጅ ተነሥታ አብራት ሄደች፤ እስከ ማታም አስተረጎመችላት። ስትመለስ፣ «ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እኔ ዝም ብል ማን ይናገርላታል?» አለችኝ።

ከዚህ የበለጠ የጦቢያ ትርጓሜ ከማንም መምህር አልሰማሁም። የልጅቱ ፍርሃት አልጠፋም፤ ሆኖም የሌላዋ ችግር ከእርሷ ፍርሃት በለጠባት።

ስለሆነም መምህራን ጦቢያን ስናስተምር ዓመተ ምሕረቱንና የደራሲውን ስም በማስጠናት ብቻ እንዳንወሰን አደራ እላለሁ። ተማሪዎችን፣ «ጦቢያ ለወንድሟ ወጣች፤ አንተስ ለማን ትወጣለህ? አንቺስ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን በደብተር ጽፈው ቢያመጡ መልካም ነው፤ በሰፈራቸው ፈጽመውት ቢገኙ ግን እጅግ የተሻለ ነው።