ያልተወለደው ልጅ ድምፅ፦ የወጣቶች ዲስቶፒያዊ ልብ ወለድ፣ ፊልምና የፎገራ ሜዳ

ጆርጅ ብሉስቶን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው «ኖቨልስ ኢንቱ ፊልም» ልብ ወለድ ሐሳብን፣ ፊልም ደግሞ ለዓይን የሚታየውን ይይዛል ብሎ ተከራክሯል። እንደ እሱ አባባል ካሜራ ሰው በልቡ የሚያብላላውን እንድንገምት ያደርገናል እንጂ ሐሳቡን ራሱን ሊያሳየን አይችልም። ከእሱ በኋላ ምሁራኑ ሮበርት ስታምና ሊንዳ ሀቺን ፊልምን ለመጽሐፉ ባለው ታማኝነት ብቻ መመዘንን ነቅፈዋል፤ በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው ከብሉስቶን ጋር ነው። ስለ ነገ ጨቋኝ ዓለም ለወጣቶች የተጻፉ መጻሕፍት ፊልም ሲሆኑ የሚጎድላቸውን ሁሉ በፊልም ተፈጥሮ ለማመካኘት የእሱ ክርክር ምቹ ነው። ጉድለቱ ግን ከፊልም ተፈጥሮ አይመጣም፤ የሚመጣው የልጁ ድምፅ ስለሚወሰድበት ነው።

የሱዛን ኮሊንስን «ዘ ሀንገር ጌምስ» እንይ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዋና ገጸ ባሕሪዋ ካትኒስ በራሷ አንደበት፣ በአሁን ጊዜ የምትተርከው ነው። ጋሪ ሮስ በ2012 ባቀረበው ፊልም ትረካዋ ወጥቶ በምትኩ መጽሐፉ የማያሳየን፣ ልጆች የሚገዳደሉበት ጨዋታ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቷል። በመጽሐፉ አደጋውን ከልጅቷ ጋር ሳናውቀው እንጠብቃለን፤ በፊልሙ አደጋውን ከሚያዝዙት ሰዎች ጎን ተቀምጠን እናያለን። ይህን የወሰነው ካሜራ ሳይሆን ሰው ነው። ኮሊንስ ራሷ ከፊልም ጽሑፉ ደራሲዎች አንዷ መሆኗም ፍርዱን አይለውጠውም።

የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» ደግሞ ብሉስቶንን በግልጽ ያፈርሰዋል። የ1993ቱ መጽሐፍ ልጁ ዮናስ ቀለም ማየት ሲጀምር በቃላት የሚነግረንን፣ የፊሊፕ ኖይስ የ2014 ፊልም ከጥቁርና ነጭ ቀስ በቀስ ወደ ቀለም በመሸጋገር በዓይናችን እንድናየው አድርጓል። የውስጥ ለውጥ በቀጥታ ታየ ማለት ነው። «በዚያ ፊልም የልጁ ትረካም አለ፤ ታዲያ ለምን ከመጽሐፉ አነሰ?» የሚለኝ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ የመጽሐፉ ዮናስ የ12 ዓመት ልጅ ነው፣ የፊልሙ 16 ሆኗል። ድምፁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ብሉስቶንም ተከታዮቹም ያልጠየቁት ምስክር እኛ ዘንድ አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው ከገጹ ሳይሆን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰምቶ ነው። የበዛብህ ፍርሃት፣ የሰብለ ወንጌል ናፍቆት ያለ አንዳች ምስል፣ በአንድ ሰው ጉሮሮ ወደ አድማጩ ልብ ገባ። ሐሳብ ከመጽሐፍ ሲወጣ ሐሳብነቱን ያጣል የሚል ሁሉ ይህን ትረካ ማስረዳት አለበት። በፊልም ላይ ተራኪ ድምፅ መጠቀም የስንፍና ምልክት ነው የሚለው የተለመደ ተቃውሞም እዚህ አይሠራም፤ በድምፅ ልብ ወለድ መስማት የለመደ ተመልካች ይህን እንደ ስንፍና አይቆጥረውም።

ለዚህ ክርክር የሚስማማው መጽሐፍ ከጎጃም የተገኘው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመውና ብዙም ሳይቆይ የታገደው «አልወለድም» ነው። በማኅፀን ያለ ልጅ ግፍና ድህነት ወደሞላበት አገር አልመጣም ብሎ እናቱን ይሟገታል። የወጣቶች መጽሐፍ አይደለም የሚሉ አሉ። ከጨቋኝ ሥርዓት ፊት ቆሞ «አልገባበትም» የሚል ልጅ የዚህ ዘርፍ ባለቤት ካልሆነ፣ ዘርፉ ምን እንደሆነ አላውቅም። ይህ ልጅ በማኅፀን ሳለ በምስል ሊቀረጽ አይችልም፤ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ብሉስቶን የማይቻል ያለው ነገር ለዚህ መጽሐፍ ብቸኛው መንገድ ነው።

የፎገራ ሜዳ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በኮሊንስ መጽሐፍ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በዕጣ ይወሰዳሉ፤ እኛ ይህን በአፈሳ እናውቀዋለን። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን ካወጣ በኋላ የገጠር እናት ልጇን መደበቅ ሥራዋ ሆነ። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልሙ «ጤዛ»፣ በጣና አካባቢ በሚገኝ መንደር ከወታደሮች ሸሽተው ዋሻ የገቡ ልጆችን አሳይቷል። «ጤዛ» ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም፤ ቢሆንም የዘርፉ ምስል እዚሁ እንደሚገኝ ያረጋግጣል። ከወረታ እስከ ጣና ዳር ባለው በፎገራ ግን ዋሻ የለም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት፣ በዚያው በደርግ ዘመን የሩዝ እርሻ የተጀመረበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይታያል። መደበቂያ በሌለበት መሬት ላይ ለልጅ የቀረው ሽሽት አለመወለድ ነው። የአቤ ክርክር ከዚህ የተሻለ መልክዓ ምድር አያገኝም።

ጥቂት ሥራዎችን ብቻ ስለተመለከትሁ ድምዳሜዬ በጥንቃቄ ይወሰድ። ዋናው ነጥብ ግን በዚህ አይነቃነቅም። «አልወለድም»ን ወደ ፊልም ሊያሻግር የሚነሣ ባለሙያ ካለ፣ የፊልም ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን ወረታ ላይ ጮክ ብሎ ያስነብብ፤ አድማጮቹም ልጆቻቸውን ከአፈሳ የደበቁ እናቶች ይሁኑ።